በምንድን ነው የምታነሳው?

የሰርግ ፎቶ የሚያነሳ ጎረቤት አለኝ። አቃቂ ቃሊቲ ነው የምንኖረው፤ ጠዋት ቡና የምንጠጣውም አንድ ቦታ ነው፤ ስለዚህ ስልኩ ሲጠራ ብዙ ጊዜ አጠገቡ ነኝ። ደዋዩ ሰላም ይላል፣ የሰርጉን ቀን ይናገራል፣ ከዚያ ዋጋ እንኳን ሳይጠይቅ «በምንድን ነው የምታነሳው?» ይላል። ጎረቤቴ አይዋሽም። «ካኖን 600ዲ» ይላል። በዚያኛው በኩል ትንሽ ዝምታ ይሆናል። «እሺ ወንድሜ፣ እንደዋወላለን።» አይደዋወሉም።

ይሄ ጥያቄ «እስኪ ያነሳኸውን አሳየኝ» ከሚለው ቀድሞ መምጣቱ በጣም ያናድደኝ ነበር። እኔ የምተዳደረው ሶፍትዌር በመሥራት ነው፤ በምን ላፕቶፕ እንደምጽፍ የጠየቀኝ ቀጣሪ እስከዛሬ አልገጠመኝም። እናም ስልኩ በተዘጋ ቁጥር ላጽናናው እሞክራለሁ፦ «ተዋቸው ባክህ፣ ፎቶ የሚያነሳው ሰው እንጂ ካሜራ አይደለም!» እሱ ፈገግ ይላል፤ አይመልስልኝም። ፈገግታው የመስማማት ይመስለኝ ነበር። እንዳልሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ክርክሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፎቶ የሚወዱ ሰዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ ይነሳል። አንዱ ወገን «ዕቃ ነው ወሳኙ፣ ራሳችንን አናታል» ይላል። ሌላው «ዓይን ነው ወሳኙ፣ የሚችል ሰው በስልክም ያነሳል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ሁልጊዜ በጭብጨባ ያሸንፋል፤ ምክንያቱም ሲሰሙት ደስ ይላል፣ ድሃውንም ያከበረ ይመስላል። እኔም ለዓመታት እዚያ ወገን ነበርኩ። አሁን ግን ይሄ የሚጨበጨብለት አባባል የሚጎዳው ማንን እንደሆነ መናገር እፈልጋለሁ። ውድ ካሜራ ማጣት የማይችለውን ሰው ብዙም አይጎዳውም። የሚጎዳው የሚችለውን ነው።

*

ከአባባሉ ምርጥ ማስረጃ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራም የጋራ ድጋፍ ለሦስት ፎቶግራፈሮች ሲሰጥ አንዱ የአዲስ አበባው ግርማ በርታ ነበር፤ ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር። ግርማ ራሱን ያስተማረ ሰው ነው። የታወቀበትን «ሙቪንግ ሻዶውስ» የተባለ ተከታታይ ሥራ ያነሳው ደግሞ በስልክ ነው። «በስልክም ይቻላል» የሚል ሰው ሁሉ ስሙን የሚጠራው ለዚህ ነው፤ እኔም ለጎረቤቴ ስንት ጊዜ እንደጠራሁለት አላስታውስም።

ሥራውን ላላያችሁ፦ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ናቸው፤ የተሸከመ፣ የሚሸጥ፣ ወደ ጉዳዩ የሚሄድ። ግርማ እያንዳንዱን ሰው ከነጥላው ከመንገዱ ቆርጦ ያወጣውና አንድ ወጥ ደማቅ ቀለም ላይ ያቆመዋል። ታክሲ የለም፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ የለም፣ የፈረሰ አጥር የለም። ሰው፣ ጥላው፣ ቀለም፤ በቃ።

ይሄን ሥራ «ካሜራ ዋጋ የለውም» ለሚል ክርክር ማስረጃ ማድረግ ግን ሥራውን በደንብ አለማየት ነው። እስኪ ስልክ ምን እንደማይችል አስቡ። ሰርግ ላይ ሙሽሪት ጥርት ብላ ከኋላዋ ያለው ሁሉ እንደ ጉም ሲደበዝዝ አይታችኋል። ያ የሚመጣው ከትልቅ ሴንሰርና ከሰፊ ሌንስ ነው። የዚያ ዘመን ስልክ ያን አይችልም፤ ሰውዬውም፣ ሚኒባሱም፣ ቆሻሻ ገንዳውም እኩል ጥርት ብለው ይወጣሉ። ሰውን ከግርግሩ መለየት የፈለገ ስልክ የያዘ ሰው መላ መፍጠር አለበት። በእኔ ንባብ የግርማ መላ መቁረጥ ነው። ሌላው በሌንስ የሚለየውን እሱ በኤዲቲንግ ለየው፤ የስልኩ ጉድለት የሥራው መልክ ሆነ።

ሁለተኛው ነገር ጥላው ነው። ጥላ ያለበት ፎቶ ፀሐይ ያለበት ፎቶ ነው። የአዲስ አበባ የቀን ፀሐይ ደግሞ ትንሽ ሴንሰርን እንኳን ያጠግባል። ግርማ ስልክ የሚደክምበት ቦታ ላይ አልታገለም፤ ስልክ የሚበረታበትን ሰዓትና ብርሃን መረጠ።

ሦስተኛው፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ትልቅ ካሜራ ይዞ መንገድ ላይ የቆመ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ሰው ይመጣል። «ምንድን ነው የምታነሳው? ፈቃድ አለህ?» ስልክ የያዘን ወጣት ግን ማንም ልብ አይለውም፤ ሁሉም ስልክ ይዟል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ መሣሪያው እንዲያውም በጣም ወሳኝ ነበር። ስልኩ ከውድ ካሜራ ይሻል ነበር።

ሥራውን ስለምወደው አንድ ቅሬታዬንም ልናገር። እኔ የማየው መንገድ የሲኖትራክ፣ የፋብሪካ ጭስና የአቧራ መንገድ ነው። እዚህ ሰው ከአቧራው ተለይቶ አይታይም፤ አቧራው የቀኑ ግማሽ ነው። ከባድ ጭነት የተሸከመ ሰው ንጹህ ቢጫ ላይ ሲቆም አካሄዱን በደንብ አየዋለሁ፤ የሚሄድበትን ዳገት ግን አላየውም። ተከታታዩን በብዛት ሳየው አንዳንዱ ሰው ወደ ጌጥነት የሚጠጋብኝ ለዚህ ነው። የጸዳው ግርግር ሕይወቱም ነበር። ይሄ የግርማ ምርጫ ዋጋ ነው፤ ነጻ የሆነ ምርጫ የለም።

*

አሁን ወደ ራሴ ውርደት ልምጣ።

ያለፈው ዓመት ጥር የአክስቴ ልጅ አገባች። ጎረቤቴን ፎቶ አንሺ አድርገን ያዝነው። እኔ ደግሞ «ለተጨማሪ» ብዬ ከሥራ ባልደረባዬ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ተዋስኩ። ፉል ፍሬም ነው፤ አንገቴ ላይ ሳንጠለጥለው ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። ሚዜዎቹ ሳይቀሩ ወደ እኔ እየዞሩ ነበር የሚቆሙት፤ ጎረቤቴ ጋ ያለው ትንሽና ያረጀ ይመስል ነበር፤ እውነትም እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሞዴል ነው።

ቀን ላይ፣ የመልስ ዕለት፣ ሁሉም የሀገር ልብስ ለብሶ ግቢው ነጭ በነጭ ሆነ። እኔ ካሜራውን አውቶ ላይ አድርጌ መቶ ሃምሳ ያህል ፎቶ አነሳሁ። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ነጠላው አመድ መስሏል፤ ፊቶቹ ጠቁረዋል፤ የአክስቴ ፊት ከጥልፉ ቀለም በታች ጠፍቷል። የጎረቤቴ ፎቶዎች ላይ ያው ሰው፣ ያው ፀሐይ፣ ያው ግቢ ነው፤ ነጩ ነጭ ነው፣ ፊቱም ፊት ነው።

ምን እንዳደረገ ስጠይቀው «ነጭ ሲበዛ ካሜራው ይፈራል» አለኝ። «እኔ አንድ ከፍ አደርገዋለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የካሜራ የብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለው ዓለም በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል። ነጭ የሞላበት ፍሬም ሲያይ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ያስባል፤ ስለዚህ ሁሉንም ወደ ግራጫ ያወርደዋል። ነጠላው አመድ ይሆናል፣ ጠይም ፊት ደግሞ ይጨልማል። አዳዲስ ካሜራዎች ፊት ፈልገው ይሄን ለማረም ይሞክራሉ፤ የተዋስኩትም ያ መቼት ነበረው። የት እንዳለ ግን አላውቅም ነበር። ጎረቤቴ «ይፈራል» ብሎ በአንድ ቃል የጨረሰውን እኔ ለመረዳት ሁለት ሰዓት አነበብኩ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የሚጨበጨብለት ነው። ያረጀ ካሜራ የያዘ ባለሙያ ውድ ካሜራ የያዘን ጀማሪ አሸነፈ። እዚህ ላይ ባቆም ሁላችንም ደስ ብሎን እንለያይ ነበር።

ግን የሰርጉ ዕለት ማታም ነበር። ድንኳን ውስጥ እያለን መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር ተነሳ፤ ሁለት አምፖል ብቻ፣ እነሱም ቢጫ። ጭፈራው ቀጠለ፤ እኔም ወደ ጭፈራው ዞሬ ማንሳቴን ቀጠልኩ። በዚያ መሀል አያታችን ለመመረቅ ተነሳች። በፕሮግራሙ ላይ አልነበረም። እኔ ያወቅኩት ሰው ሁሉ ዝም ሲል ነው። ጎረቤቴ ግን ምርኩዟን ስትፈልግ አይቷት ኖሮ ቀድሞ ፊት ለፊቷ ተንበርክኳል። ፍላሽ ነበረው፤ አላበራም። የዓይን ሞራ ከተገፈፈላት ወዲህ ድንገተኛ ብርሃን እንደሚረብሻት ቀን ላይ ነግራው ነበር።

ውጤቱ ይሄ ነው። የእኔ የማታ ፎቶዎች ጥርት ያሉ ናቸው፤ የማይረባ ነገር በጥራት አንስቻለሁ፣ የሰው ጀርባ፣ የወንበር እግር፣ የኬክ ጠረጴዛ። የእሱ ፎቶ ላይ አያቴ አለች፤ ፊቷ አለ፣ ከንፈሯ ምርቃቱ ላይ ነው። ፎቶው ግን በአሸዋ የተረጨ ይመስላል። ከፍ ብሎ የተዘረጋው እጇም ተንቀሳቅሶ ጭረት ሆኗል።

የሙያ ልማድ ሆኖብኝ በሠንጠረዥ አሰብኩት። ሁለት ረድፍ፣ የሚችልና የማይችል። ሁለት ዓምድ፣ ርካሽ ካሜራና ውድ ካሜራ። አራት ሳጥን። የማይችል ከርካሽ ካሜራ ጋር ምን እንደሚሆን ስልካችን ላይ ያለው ፎቶ ሁሉ ይናገራል። የማይችል ከውድ ካሜራ ጋር፣ ያ እኔ ነኝ። የሚችል ከርካሽ ካሜራ ጋር፣ ያ እሱ ነው። የሚችል ከውድ ካሜራ ጋር የሚለው አራተኛው ሳጥን ግን የዚያን ሌሊት ባዶ ነበር። ካሜራው እኮ ድንኳኑ ውስጥ ነበር! ሦስት ሜትር ርቄ እኔ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ቆሜ ነበር። «እንካ» ማለት በጭራሽ ትዝ አላለኝም።

ለምን? ምክንያቱም ለዓመታት «ካሜራ ለውጥ የለውም» ስለው ነበር። አባባሌን ራሴ አምኜው ነበር።

*

ለውጡ ምን ያህል ነው? ይሄ የስሜት ጥያቄ አይደለም፤ በሚሊሜትር ይለካል። ፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፤ ስፋቱ 864 ካሬ ሚሊሜትር ይመጣል። የጎረቤቴ ካኖን 22.3 በ14.9 ነው፤ 332 አካባቢ። ግርማ ባሸነፈበት ዘመን ብዙ ሰው እጅ የነበረው እንደ አይፎን 6 ያለ ስልክ ደግሞ 17 ገደማ ነው። ዝናብ ላይ የተቀመጠ ባልዲና ብርጭቆ አስቡ። ዝናቡ ሲዶፈዶፍ ሁለቱም ይሞላሉ፤ ልዩነት አታዩም። ሲያካፋ ግን ብርጭቆው ጠብታ ሲቆጥር ያመሻል። ቀን ላይ ሦስቱም ካሜራ ይጠግባሉ፤ በሁለት የጄኔሬተር አምፖል ግን ይለያያሉ። በተጨማሪም የተዋስኩት ካሜራ ከጎረቤቴ ካሜራ በሰባት ዓመት ዘግይቶ የወጣ ነው፤ ሴንሰሩም የዚያኑ ያህል ተሻሽሏል።

«አሁንማ ስልክ ማታም ያነሳል» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው፤ ጎግል እ.ኤ.አ. በ2018 «ናይት ሳይት»ን ካወጣ ወዲህ ስልኮች ብዙ ፎቶ በተከታታይ አንስተው አንድ ላይ እየደረቱ ጨለማን ይገፋሉ። እንደ ሶፍትዌር ሠራተኛ ይሄ ያኮራኛል። ግን ልብ በሉ፤ እዚያ ውስጥ ችሎታ የለም ማለት አይደለም። የሌላ ሰው ችሎታ ነው፣ ኮድ ሆኖ ተጽፎ የገባ። የሌላ ሰው ችሎታ ሲገባ ደግሞ የሌላው ሰው ግምትም አብሮ ይገባል።

ለዚህ ታሪክ ምስክር ነው። ኮዳክ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ ካርድ ይልክ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። ካርዱም በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም «ሸርሊ ካርድ» ተባለ። የእሷ ቆዳ ልክ ከመጣ ቀለሙ ልክ ነው ተባለ፤ ጠይምና ጥቁር ቆዳ በዚያው ልክ ይታጠብ ነበር። ቡናማ ቀለም በደንብ አይወጣም ብለው ኮዳክን ከሞገቱት መካከል ደግሞ የቸኮላትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙባቸዋል። ጠረጴዛ ከሰው ፊት ቀድሞ ተሰማ። ጎግል «ሪል ቶን» ብሎ የጠይምና የጥቁር ቆዳን አነሳስ ለማሻሻል የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

ስለዚህ መሣሪያ ገለልተኛ አይደለም። ስለ ዓለም ግምት ይዞ ነው ከሳጥኑ የሚወጣው፤ በግምቱ ውስጥ ደግሞ ነጠላ የለበሰች ጠይም ሴት ብዙ ጊዜ የለችም። «ችሎታ» የምንለው ነገር ግማሹ መሣሪያው ስለ እኛ ምን እንደማያውቅ ማወቅ ነው። ጎረቤቴ «ይፈራል» ሲል ይሄን ሁሉ እያለ ነበር።

*

አራተኛው ሳጥን ሲሞላ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ አልሄድም። የቢሾፍቱ መንገድ በእኛ በኩል ነው የሚወጣው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ኢቲ 302 ከቦሌ በተነሳ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰዎች ሞቱ። ከአራት ቀን በኋላ የአሶሺየትድ ፕሬሱ ሙሉጌታ አየነ በስፍራው አንዲት ሐዘንተኛ አነሳ፤ አፈር ዘግና ወደ ገዛ ፊቷ ስትበትን። ፎቶው እ.ኤ.አ. በ2020 የዎርልድ ፕሬስ ፎቶ የዓመቱ ምርጥ ፎቶ ዕጩ ሆነ።

ፎቶውን ከመሣሪያ አንጻር እዩት። አፈር አየር ላይ የሚቆየው ከሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው። ይሄን ጥርት አድርጎ ለመያዝ ፈጣን ሹተር፣ የማይዘገይ ፎከስ፣ በጣት ልክ የሚታዘዝ ማሽን ያስፈልጋል። ስልክ አውጥቶ፣ ከፍቶ፣ ስክሪን ነክቶ የሚደረስበት ነገር አይደለም። ካሜራ ለውጥ የለውም የሚል ሰው እዚህ ፎቶ ፊት ቆሞ ይድገመው።

አሁን ከሰው አንጻር እዩት። ለቅሶ ቤት ያደገ ሰው፣ ሐዘንተኛ ጎንበስ ስትል እጇ ወደ የት እንደሚሄድ ያውቃል። ደረት ይመታል፣ ፊት ይነጫል፣ አፈር ይበተናል። ይሄን ቋንቋ የማያውቅ ፎቶ አንሺ አፈሩ ፊቷ ላይ ካረፈ በኋላ ነው ካሜራውን የሚያነሳው። ደግሞም ያ አፈር ዝም ብሎ አፈር አይደለም። ቤተሰቦች የሚቀብሩት አስከሬን አላገኙም፤ ከአደጋው ሳምንት በኋላ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በተደረገው ሥነ ሥርዓት ላይ የተሸኙት 17 ሳጥኖች ባዶ ነበሩ። አፈሩ የቀራቸው ነገር ነበር። ፎቶው ላይ አፈሩ ጎልቶ፣ ፊቷ ከአፈሩ ጀርባ መሆኑ ያንን ነው የሚነግረኝ።

ከሁለቱም ውጭ የሆነ ሦስተኛ ነገርም አለ፤ እዚያ ቦታ መቆም። ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ሌላ ሰው ፊት ለፊቱ ካሜራ ይዞ እንዲቆም ሲተወው፣ ያ በገንዘብ አይገዛም፤ በልምምድም ብቻ አይመጣም። አያቴ ጎረቤቴን ፊቷ ሲንበረከክ የተወችው ቀን ላይ ስለ ዓይኗ ቁጭ ብሎ ስላዳመጣት ነው። እኔ የልጅ ልጇ ነኝ፤ ስለ ዓይኗ አልጠየቅኳትም።

«የድሮዎቹ ታዲያ በምን አነሱ?» ለምትሉኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ ሆኖ የወጣውን «ቪንቴጅ አዲስ አበባ»ን አይቻለሁ። ከከተማው ሰዎች የቤተሰብ አልበም የተሰበሰቡ ፎቶዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ እንደ አዲስ ያስደምማሉ። ግን የፎቶ ቤት ፎቶዎቹን ልብ ብላችሁ እዩ፤ መብራቱ በቦታው ተተክሏል፣ መጋረጃው ተሰቅሏል፣ ሰውዬው «አትንቀሳቀስ» ተብሏል። ፎቶ አንሺው ዓለሙን ከካሜራው አቅም ጋር አስተካክሎ ነው ያነሳው፤ ልክ ግርማ ፀሐዩን እንደመረጠው። ድንኳን ውስጥ፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ ለሰማንያ ዓመት አሮጊት «አትንቀሳቀሺ» አይባልም።

*

ታዲያ ደዋዮቹ ልክ ናቸው? ግማሽ በግማሽ።

ሰርግ አንድ ጊዜ ነው። የተዋስኩት ካሜራ ሁለት ሚሞሪ ካርድ ይይዛል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ላይ ቅጂ አለ። የጎረቤቴ አንድ ብቻ ነው የሚይዘው። እኔ በሥራዬ ባክአፕ የሌለው ሲስተም ብረከብ እንቅልፍ አልተኛም፤ ሙሽሮቹ ለምን ይተኛሉ? ስለዚህ «በምንድን ነው የምታነሳው?» ሙሉ በሙሉ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። የሞኝ የሚሆነው ብቻውን ሲጠየቅና መልሱ ሲሰማ ስልኩ ሲዘጋ ነው። ፎቶ አንሺ የምትፈልጉ ከሆነ አንድ ጥያቄ ልስጣችሁ፦ «መብራት ሲጠፋ ያነሳኸውን አሳየኝ።» ችሎታውንም ካሜራውንም አንድ ላይ ታዩበታላችሁ።

የዋጋው ነገር ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ያ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ባዶ አካሉ፣ ያለ ሌንስ፣ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 54,000 ብር አካባቢ ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ያው 2,000 ዶላር 114,000 ብር። በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ፤ 200,000 ብርም ተሻገረ። ይሄ እንግዲህ ቀረጡ፣ የነጋዴው ትርፍና ሌንሱ ሳይጨመር ነው። የቃሊቲ ጉምሩክ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ካሜራ የጫነ ኮንቴይነር በአጠገባችን ሳያልፍ አይቀርም። ቅርበቱ ግን ዋጋውን አላቀለለውም።

ለዚህ ሰው «ዋናው ዓይንህ ነው» ማለት ቀላል ነው። ምንም አያስከፍልም። ይሄን የምንለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ አማራጭ ያለን ሰዎች ነን፤ መዋስ የምንችል፣ የባልደረባ ሶኒ አንገታችን ላይ የምናንጠለጥል። ጎረቤቴ እቁብ ጀምሯል። ለምን እንደሆነ ሲነግረኝ እንደ ድሮው «አያስፈልግህም» ልለው ነበር፤ አፌን ያዝኩ። ከዚያ ይልቅ ባልደረባዬን አናገርኩት። እቁቡ እስኪደርሰው ድረስ ሰርግ ሲኖረው ካሜራውን በትንሽ ኪራይ ሊሰጠው ተስማምቷል። የመጀመሪያውን ሰርግ አንስቶ ሲመጣ ፎቶዎቹን አብረን አየን። ዝርዝሩን አልነግራችሁም፤ አራተኛው ሳጥን ከእንግዲህ ባዶ አይደለም።

አያቴ ነሐሴ ላይ አረፈች። ለቀብሩ የሚያዝ ፎቶ ሲፈለግ ከዘመድ ሁሉ ስልክ ተሰበሰበ፤ በመጨረሻ የተመረጠው የጎረቤቴ ነው፤ የምርቃቱ። ፎቶ ቤት ወስደን አሳደግነው፤ ሲያድግ አሸዋውም አብሮ አደገ። ማንም አላማረረም። አክስቴ «እሷን ራሷን ነው የምትመስለው» እያለች አለቀሰች። በምን እንደተነሳ የጠየቀ አልነበረም።

ድንኳኑ ውስጥ ጎረቤቴ ከፎቶው ፊት ትንሽ ቆመ። የሐዘን መስሎኝ አጠገቡ ሄድኩ። እሱ ግን የሚያየው ወደ ላይ የተዘረጋውን እጅ ነበር፤ ጭረት የሆነውን።

«ያኛው ካሜራ ቢሆን» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ጣቶቿን ታይ ነበር።»